ሳልሞንና ደን፦ ከገንዳ እስከ ጅረት የሥራ ማስታወሻ

ቦታው ሲያትል ነው። ተማሪዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የሚማሩ፣ ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ናቸው። ሥራው የኮሆ ሳልሞን እንቁላል ክፍል ውስጥ ማስፈልፈልና ጫጩቱን ጅረት ላይ መልቀቅ ነው። ዓላማው ዓሣው ለደኑ፣ ደኑም ለዓሣው ምን እንደሚሰጥ ልጆቹ በእጃቸው ሠርተው እንዲያዩ ነው። ገንዳ ብቻውን የዓሣ እርባታ ነው የሚያስተምረው። ስለዚህ ገና ከጅምሩ አንድ ደንብ አወጣን፦ ገንዳው ላይ የሚገጠም ዕቃ ሁሉ ካርድ ይለጠፍበታል፤ ካርዱ ላይ ጅረቱ ውስጥ ያንን ሥራ የሚሠራው ማን እንደሆነ ይጻፋል። ቺለሩ (ውሃ ማቀዝቀዣው) ላይ «የዛፍ ጥላ»፣ ፊልተሩ ላይ «ጠጠር ውስጥ ያለ ባክቴሪያና የደን አፈር»፣ ክዳኑ ላይ «ከጠጠር በታች ያለ ጨለማ»፣ የምግቡ ዕቃ ላይ «የወደቀ ቅጠል የሚያሳድጋቸው ነፍሳት»። እያንዳንዱ ሙከራ ከአንዱ ካርድ ይነሳል።

ሴፕቴምበር፦ ፈቃድና ዕቃ

ከሁሉ በፊት ፈቃድ። የዋሽንግተን ግዛት የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ሳይፈቅድ የሳልሞን እንቁላል መያዝም ጫጩት መልቀቅም አይቻልም። ፈቃዱ እንቁላሉ ከየት እንደሚመጣና ጫጩቱ የት እንደሚለቀቅ ይወስናል። ሌላ ጅረት ላይ መልቀቅ በሽታ ያሻግራል፤ ለዚያ ውሃ የተላመደውን ዘርም ይበርዛል።

ወጪ፦ ያገለገለ 55 ጋሎን (208 ሊትር) የመስታወት ገንዳ 80 ዶላር፤ ያገለገለ ሩብ ፈረስ ጉልበት ቺለር 400 ዶላር፣ አዲሱ ከእጥፍ በላይ ነው፤ ፊልተር 90፤ የአየር ፓምፕና በባትሪ የሚሠራ መጠባበቂያው 45፤ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፎም ቦርድ 30፤ የውሃ መመርመሪያ ኪት 35፤ ጠጠር 30 ኪሎ፣ 25 ዶላር። ጠጠሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ ቆሻሻ ይዞ ይደፈናል፣ ከበለጠ ደግሞ ጫጩቶቹ ገብተው ይቀረቀሩበታል። 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይነጠፋል። ገንዳው ሲሞላ ወደ 280 ኪሎ ስለሚመዝን የክፍል ጠረጴዛ አይችለውም፤ የብረት መቆሚያ ያስፈልጋል።

መብራት የሚወስደው ዕቃ ሁሉ ጂኤፍሲአይ (ኤሌክትሪክ ወደ ውሃ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚያቋርጥ መሣሪያ) ባለው ሶኬት ላይ ይሰካል። ገመዱ ከሶኬቱ በታች ወርዶ ተመልሶ ይውጣ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ መሬት ላይ ይንጠባጠባል።

ቺለሩን ግድግዳ አጠገብ ስናስቀምጠው ሳያርፍ እየሠራ ውሃው ከ13 ዲግሪ አልወርድ አለ። የሚተፋው ሙቅ አየር ከግድግዳው እየተመለሰ ራሱኑ ያሞቀዋል። 30 ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ ሲል፣ ገንዳው በአራቱም ጎን፣ በሥርና በላይ በፎም ሲሸፈንና ቱቦዎቹ ሲጠቀለሉ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ (50 ፋራናይት) ላይ ቆመ። የፊት ለፊቱ ፎም በቬልክሮ የሚነሳ ይሁን፤ ልጆቹ ካላዩ ትምህርት የለም።

ክፍሉ የሚከፈተው ቅዳሜ ብቻ በመሆኑ ከእንቁላሉ መምጣት በፊት የቤተሰብ ተራ ማውጣት ግድ ነው። በቀን አንድ ቤተሰብ፣ አሥር ደቂቃ፣ አንድ ገጽ ቅጽ፦ ሙቀት፣ የሞተ እንቁላል፣ የፓምፕ ድምፅ። ውሃው ከ12 ዲግሪ ሲያልፍ በስልክ መልእክት የሚልክ ቴርሞሜትር 25 ዶላር ነው፤ ከዕቃው ሁሉ በጣም የጠቀመን እሱ ነው።

ኦክቶበር፦ ባክቴሪያውና የቅጠል ከረጢቱ

የዓሣ ኩስ አሞንያ ይሆናል፤ አሞንያውን ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። በ10 ዲግሪ እጅግ ቀስ ብለው ነው የሚራቡት። ስለዚህ ቺለሩን ሳያበሩ ገንዳውን በክፍል ሙቀት ማስጀመር፣ አሞኒየም ክሎራይድ ጨምሮ 2 ሚሊግራም በሊትር ማድረስ፣ አሞንያውም ናይትራይቱም በአንድ ቀን ውስጥ ወደ ዜሮ መውረድ ሲጀምሩ ቀስ በቀስ ማቀዝቀዝ ነው። ቀዝቃዛ ገንዳ ውስጥ የጀመረ ሰው እንቁላሉ ሲደርስ ፊልተሩ ገና ባዶ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ ካልተገደለ ባክቴሪያውንም ዓሣውንም ይጨርሳል፤ ማጥፊያ ጠብታው ከእያንዳንዱ ባልዲ ጋር ይሂድ።

ያው ሰሞን የቅጠል ከረጢት ተሠራ። ከምግቡ ካርድ የተነሳ ሙከራ ነው። የሽንኩርት መረብ ከረጢት፣ በእያንዳንዱ 5 ግራም ደረቅ ቅጠል፦ አንዱ አልደር፣ አንዱ ትልቅ ቅጠል ሜፕል፣ አንዱ ቀይ ዝግባ። ከዛፍ የተቀነጠሰ ለምለም ቅጠል አይሆንም፤ ዛፉ ቅጠሉን ከማርገፉ በፊት ንጥረ ነገሩን ወደ ግንዱ ስለሚመልስ አበሳበሱ ይለያል። ከረጢቶቹ በጡብ ታስረው ለአራት ሳምንት ጅረት ውስጥ ይቀመጣሉ። በኦክቶበር ዝናብ ጅረቱ ሲሞላ መሀል ላይ ያለው ከረጢት በአሸዋ ይቀበራል፤ ዳር ላይ፣ ውሃው ቀስ የሚልበት ይሻላል። ውሃ ውስጥ መራመድ ደግሞ በዚህ ወቅት አይገባም፤ ሳልሞን ጠጠር ውስጥ እንቁላል የሚጥልበት ጊዜ ነው። ሁሉም ነገር ከዳር በገመድ ይሠራል፤ ለዚህም የፓርኩ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ጫማና መረብ፦ ቶርንተን ክሪክን የመሰሉ የአካባቢው ጅረቶች የኒውዚላንድ ጭቃ ቀንድ አውጣ ወርሯቸዋል። ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ስለሆነ ጫማ ሥር ተጣብቆ አይታይም፤ አንዱ ብቻውን አዲስ ጅረት ሊወር ይችላል። ቅንጣት ጭቃ ሳይቀር ተቦርሾ ጫማው ፍሪዘር ውስጥ ያድራል።

ከአራት ሳምንት በኋላ ነጭ ሳህን ላይ ሲገለበጥ አልደሩ የቅጠሉ ጅማት መረብ ብቻ ቀርቷል፣ ሜፕሉ ተበሳስቷል፣ ዝግባው ያው ነው ማለት ይቻላል። አልደር ሥሩ ላይ ካለ ባክቴሪያ ጋር ተባብሮ ከአየር ናይትሮጅን ስለሚይዝ ቅጠሉ ለነፍሳት የበለጸገ ምግብ ነው። ሳህኑ ላይ የሚንቀሳቀሱት የስቶንፍላይ፣ የሜይፍላይና ከእንጨት ስብርባሪ ለራሱ ቤት የሚሠራው የካዲስፍላይ እጮች ናቸው። ኮሆ አንድ ዓመት ያህል ጅረት ውስጥ ቆይቶ ነው ወደ ባሕር የሚወርደው፤ በዚያ ጊዜ የሚበላው በአብዛኛው እነዚህንና ከዛፍ ላይ የሚወድቁ ነፍሳትን ነው።

ኖቬምበር፦ የሞተው ዓሣና የመንገዱ ውሃ

ካርኪክ ፓርክ ውስጥ ፓይፐርስ ክሪክ ላይ ቸም የተባለው የሳልሞን ዝርያ በኖቬምበር እንቁላል ጥሎ ሊሞት ከባሕር ይመለሳል፤ ከዳር ሆኖ ለማየት ከዚህ የሚመች የለም። እዚያው ስሌት ይሠራል። ሳልሞን ከክብደቱ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነውን ያገኘው ባሕር ውስጥ ነው፤ ከሥጋው 3 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። 4 ኪሎ የሚመዝን ዓሣ 120 ግራም ናይትሮጅን ይዞ ከባሕር ወደ ደን ወጣ ማለት ነው። የእንስሳቱን ሥራ ግን እንደ አገሩ መንገር ያስፈልጋል። አላስካና ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዓሣውን ጎትቶ ደን ውስጥ የሚጥለው ድብ ነው። ሲያትል ከተማ ውስጥ ያን ሥራ የሚሠሩት ራኩን፣ ቁራ፣ ንስር፣ የዝንብ እጭና ጎርፍ ናቸው። ልጆች የድቡን ሥዕል ይዘው መጥተው ድብ ሲያጡ ትምህርቱ እዚህ የማይሠራ ይመስላቸዋል።

ወላጆች የጣና ዓሣም እንዲህ ያደርግ እንደሆነ ይጠይቃሉ። የጣና ትልልቅ የባርበስ ዝርያዎች ገሚሶቹ በክረምቱ ማብቂያ ጉማራንና ርብን ወደ ላይ ወጥተው ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ፤ ግን አይሞቱም፣ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። ስለዚህ ጉዞው ቢመሳሰልም ለወንዙ ዳር ዛፍ የሚተርፈው እንደ ሳልሞኑ አይደለም። ለልጆቹ ልዩነቱን በዚህ ማስረዳት ቀላል ሆኗል።

ምዕራብ ሲያትል ያለው ሎንግፌሎ ክሪክ ሌላ ጉዳይ ያሳያል። እዚያ ከባሕር የተመለሰ ኮሆ ሆዱ በእንቁላል እንደተሞላ ይሞታል። ምክንያቱ በ2020 መጨረሻ ታወቀ፦ ጎማ በኦዞን እንዳይሰነጣጠቅ የሚጨመረው 6ፒፒዲ ከኦዞን ጋር ሲዋሃድ 6ፒፒዲ-ኪኖን የሚባል መርዝ ይሆናል። ጎማ ሲፋቅ የሚቀረው ብናኝ በዝናብ ታጥቦ ጅረት ይገባል። በሊትር ከ100 ናኖግራም ያነሰ መጠን ከኮሆዎቹ ግማሹን በሰዓታት ውስጥ ለመግደል ይበቃል፤ ቸም ግን ይቋቋመዋል። ያው የመንገድ ውሃ በአፈር ውስጥ ካለፈ በኋላ ኮሆውን አይገድልም።

ይህ ወደ ፊልተሩ ካርድ መለሰን። ሙከራው፦ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የፒቪሲ ቱቦ፤ ሥሩ በመረብ ይታሰራል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ጠጠር፣ 45 ሴንቲ ሜትር ድብልቅ (በመጠን 60 በመቶ አሸዋ፣ 40 በመቶ ኮምፖስት)፣ ከላይ 5 ሴንቲ ሜትር የእንጨት ልጣጭ። አዲስ ኮምፖስት መጀመሪያ ቡናማ ውሃ ያወጣል፤ ልጆቹም አፈሩ ያቆሽሻል ብለው ይደመድማሉ። በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ፣ ጠርቶ ሲወርድ ብቻ የመንገድ ውሃ ማፍሰስ። ዘይቱና ድፍርሱ በዓይን ሲቀንስ ይታያል። መርዙን ግን በክፍል ኪት መለካት አይቻልም፣ ላቦራቶሪ ይፈልጋል። ውሃው ጠራ ማለት መርዙ ወጣ ማለት እንዳልሆነ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ዓሣ ላይ መሞከር ፈጽሞ አይደረግም።

ዲሴምበር፦ ናይትሮጅኑ ከባሕር መምጣቱ በምን ይታወቃል?

ከዓመቱ ትምህርት ከባዱ ይህ ነው፤ ብዙ ሰዓት የሚገባውም ይህ ነው። የተለመደው መንገድ ዶቃ ነው፦ ነጭ ዶቃ ቀላሉ ናይትሮጅን 14፣ ቀይ ዶቃ ከባዱ ናይትሮጅን 15፤ ቀይ ከበዛ ከባሕር ነው። እንዲህ የተማረ ልጅ ከባዱ ናይትሮጅን ባሕር ውስጥ ብቻ ያለ ይመስለዋል። እውነቱ ከ100,000 የናይትሮጅን አቶም አየር ውስጥ 366 ያህሉ ከባድ ነው፤ ሳልሞን ሥጋ ውስጥ 371 ያህል። ልዩነቱ አምስት ዶቃ ነው፣ ከመቶ ሺህ። ይህን ቁጥር አስቀድሞ መንገር፣ ከዚያ «አሁን አጋነን እናሳያለን» ብሎ ዶቃውን ማውጣት ይሻላል።

ልዩነቱ የሚመጣው እንስሳ ቀላሉን ናይትሮጅን በበለጠ በሽንት ስለሚያስወጣ ነው። በላተኛ በላተኛን ሲበላ በየእርከኑ ልኬቱ (የከባዱ ናይትሮጅን ድርሻ ከአየሩ በሺህ ስንት እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ) 3 ያህል ከፍ ይላል፤ ሳልሞን ረጅም ሰንሰለት ጫፍ ላይ ስላለ ወደ 12 ይደርሳል። አየር 0 ነው።

ወለሉ ላይ ከ-5 እስከ +15 በቴፕ ቁጥር ተሰመረ። አንድ ልጅ ሳልሞን ሆኖ 12 ላይ ይቆማል። አንድ ልጅ ዓሣ ሊዘለው ከማይችል ፏፏቴ በላይ ያለ ዛፍ ሆኖ -3 ላይ። ሦስተኛው ከፏፏቴው በታች ያለ ዛፍ ሆኖ 0.5 ላይ። ቁጥሮቹ ለስሌት የተመረጡ ናቸው። ከ-3 እስከ 0.5 ሦስት ተኩል እርምጃ፣ ከ-3 እስከ 12 አሥራ አምስት። 3.5 ለ15 ሲካፈል 23 በመቶ። የ5ኛ ክፍል ልጅ በእግሩ ቆጥሮ ይደርስበታል። ከዚያ እውነተኛው ይነገራል፦ ሄልፊልድና ናይማን በ2001 ባሳተሙት ጥናት ደቡብ ምሥራቅ አላስካ ውስጥ ሳልሞን የሚራባባቸው ጅረቶች ዳር ያሉ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ከቅጠላቸው ናይትሮጅን ከ22 እስከ 24 በመቶ ያህሉን ከሳልሞን አግኝተዋል።

ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል እዚህ ማቆም አይበቃም። ረግረግ አፈር ውስጥ ያለ ባክቴሪያም ቀላሉን ናይትሮጅን ወደ አየር እየለቀቀ የቀረውን ሊያከብደው ይችላል። አልደር የበዛበት ዳር ደግሞ ከአየር የተያዘው ናይትሮጅን የሳልሞኑን ምልክት ይሸፍነዋል። እንግዲህ ልኬት ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ሙከራ ያስፈልጋል። ሃንሰን ክሪክ፣ አላስካ፦ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለ20 ዓመት የቆጠሩትን የሞተ ሶካይ ሳልሞን ሁሉ ወደ አንዱ ዳር ብቻ ወረወሩ፣ በድምሩ ወደ 270 ቶን። በዚያ ዳር ያለው ነጭ ስፕሩስ የተባለ ዛፍ እድገቱ ፈጠነ። አንድ ጅረት፣ ሁለት ዳር፣ አንዱ ያለ ዓሣ፤ የሙከራ መቆጣጠሪያ (ለማነጻጸሪያ የሚተወው ወገን) ማለት ምን እንደሆነ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

ጃንዋሪ፦ እንቁላሉ

እንቁላሉ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በረዶ ባለው ማቀዝቀዣ ሣጥን ይመጣል። ዓይኑ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። በቀጥታ ገንዳ ውስጥ አይጨመርም፤ የገንዳው ውሃ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረበት ሙቀቱ እስኪስተካከል ግማሽ ሰዓት ይቆይ።

የሒሳብ ትምህርቱ የሙቀት ድምር ነው። በየቀኑ ያለው ዲግሪ ይደመራል፤ ኮሆ 450 አካባቢ ይፈለፈላል፣ ከ700 እስከ 800 ባለው መዋኘት ይጀምራል። የዓሣ ማራቢያው ከእንቁላሉ ጋር የላከው ወረቀት ድምሩ እስካሁን 310 ነው ይላል፤ በ10 ዲግሪ ውሃ ሁለት ሳምንት ቀረው ማለት ነው። 5 ዲግሪ ጅረት ውስጥ አራት ሳምንት ይፈጅ ነበር። ጥላ የሌለው ጅረት ሲሞቅ ጫጩቱ ነፍሳቱ ሳይደርሱ ቀድሞ ሊወጣ እንደሚችል ልጆቹ ከዚህ ስሌት ራሳቸው ያወጡታል።

የሞተ እንቁላል ነጭ ይሆናል። ጫፉ ላይ የሚጨመቅ ጎማ ባለው መሳቢያ ቱቦ (ተርኪ ቤስተር) በዚያው ቀን ይወጣል፤ ካደረ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ያወጣና ክሩ ጎን ያለውን ደህና እንቁላል ይይዛል።

ፌብሩዋሪ፦ ፍልፈላ

በሚፈለፈልበት ሰሞን ውሃው አረፋ ያወጣል፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው ፈሳሽና ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ይለቀማል፣ ውሃው በከፊል ይቀየራል። የፊልተሩ ውሃ መሳቢያ አፍ በስፖንጅ ካልተሸፈነ ጫጩቱን ይስባል። ፎሙን ሲያነሱ የሚታየው ይህ ነው፦ ክር የመሰለ አካል፣ ትልልቅ ዓይን፣ ከሆዱ ሥር ብርቱካንማ አስኳል፣ በአስኳሉ ላይ የተዘረጋ ቀጭን ደም ሥር። ብርሃን ሲያዩ ጠጠር ውስጥ ይሸሸጋሉ። ከሁለት ደቂቃ በላይ ክፍት አይሁን።

ጫጩቶቹ እስኪወጡ የአሸዋ ሳህን ሙከራ ተሠራ፦ አንድ ሜትር የአበባ ሣጥን፣ አሸዋ፣ ትንሽ ፓምፕ፣ ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ። መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ አውራ ጣት የሚያክል እንጨት በአግድም ተቀብሮ። ከእንጨቱ ሥር ውሃው ይቆፍርና ኩሬ ይሠራል፤ ጫጩት የሚያርፍበት እንዲህ ያለ ቦታ ነው። እስከ 1970ዎቹ ድረስ በዚህ አገር ግንድ ዓሣ ያግዳል ተብሎ ከጅረቶች ይወጣ ነበር፤ ዛሬ በሄሊኮፕተር ሳይቀር ይመለሳል።

ማርች፦ ምግብ፣ አሞንያ፣ ገብስ

አስኳሉ አልቆ ሆዳቸው ሲገጥም ምግብ ይጀመራል። 200 ጫጩት እያንዳንዱ 0.3 ግራም ቢሆን 60 ግራም ነው፤ 2 በመቶው 1.2 ግራም፣ በቀን ሦስት ጊዜ ተከፍሎ። ልጆች ማብላት ይወዳሉ፤ ጫጩት የሚጨርሰውም ከልክ ያለፈ ምግብ ነው። የቀን ድርሻው ተመዝኖ በትንሽ ብልቃጥ ይቀመጥ፤ ብልቃጡ ካለቀ ምግብ የለም።

የሲያትል ውሃ ለስላሳ በመሆኑ ባክቴሪያው ሲሠራ ፒኤች ይወርዳል። ቤኪንግ ሶዳ መጨመር የመጀመሪያው ሐሳብ ነው፤ አሞንያ ካለ ግን አደገኛ ነው። በ10 ዲግሪ ፒኤች 7 ላይ ከጠቅላላው አሞንያ መርዛማው ክፍል 0.2 በመቶ ነው፤ ፒኤች 8 ላይ 1.8 በመቶ። ኪቱ 1 ሚሊግራም ካሳየ መርዛማው ከ0.002 ወደ 0.018 ይዘላል፤ ለሳልሞን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ገደብ 0.0125 ነው። የቧንቧው ውሃ ራሱ ፒኤቹ 8 አካባቢ ነው። ስለዚህ በአንዴ ግማሽ ገንዳ ከመቀየር በየቀኑ 15 በመቶ፣ ምግብ ማቆም፣ አሞንያው ሲወርድ ብቻ ሶዳ።

ገብሱ «የሞተ ዓሣ ተክል ያሳድጋል ወይ» ለሚለው ነው። የዝግባ ችግኝ ዓመታት ይፈልጋል፣ ገብስ በአራት ሳምንት ይታያል። ከሐበሻ ሱቅ የሚገዛው ጥሬ መሆኑ ይረጋገጥ፤ የተፈተገ ገብስ አይበቅልም። የታጠበ አሸዋ ውስጥ ይዘራ፤ የከረጢት አፈር አስቀድሞ ማዳበሪያ ስላለበት ልዩነቱን ያጠፋዋል። ሦስት ምድብ፦ ውሃ ብቻ፤ 5-1-1 የተባለ (5 በመቶው ናይትሮጅን የሆነ) የዓሣ ማዳበሪያ 15 ሚሊ ሊትር በ3.8 ሊትር ውሃ፤ ያንኑ ያህል ናይትሮጅን ያለው ዩሪያ፣ 1.8 ግራም በ3.8 ሊትር። ዩሪያው ቀድሞ አረንጓዴ ሆነ፣ የዓሣው ዘግይቶ ተከተለ፤ ፕሮቲኑ በባክቴሪያ መፈራረስ አለበትና። እውነተኛ የሞተ ሳልሞን መጠቀም አይመከርም፤ ውስጡ ያለ ጥገኛ ትል የሚያሻግረው በሽታ ጥሬውን የቀመሰ ውሻ ይገድላል።

ሜይ፦ መልቀቅና ማጠብ

ባልዲው ላይ አየር ፓምፕ፣ ጅረቱ ዳር ሙቀት ማስተካከል፣ በእያንዳንዱ ኩባያ ጥቂት ጫጩት፣ ውሃው ቀስ በሚልበት፣ ግንድ ወይም ሥር ጥላ በሚሆንበት ዳር። ከፍ አድርጎ ማፍሰስ አይገባም፤ ኩባያው ውሃ ውስጥ ገብቶ ይዘንበል። የገንዳው ውሃ ጅረት ውስጥ አይደፋም፣ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል።

ገንዳውና ቱቦው በተበረዘ ብሊች ይታጠባል፣ ይለቀለቃል፣ ይደርቃል። ቺለሩ ውስጥ ውሃ እንዳይቀር ተገልብጦ ይንጠፈጠፍ። ለሚቀጥለው ዓመት የሚገዛው ስፖንጅ፣ የመመርመሪያ ኪትና ምግብ ሲሆን ወደ 90 ዶላር ይሆናል፤ የአልደር ቅጠል በሴፕቴምበር መጨረሻ መሰብሰብ ይጀመራል።